ዘጠኙ የማርሽ ካርዶች

ደንበኛ መጥቶ «ይሄን ትችያለሽ?» ሲለኝ «አልችልም» ማለት አይሆንልኝም ነበር። ክፉ አመል ነው፤ ግን ሱቅ ያስከፈተኝም ይኸው አመል ነው። ታይፕ መምታት የቻልኩት ማንም አስተምሮኝ አይደለም። አባቴ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥበት ከነበረው ሱቅ ጓዳ፣ አንድ ጡረታ የወጣ ጸሐፊ በአደራ ያስቀመጠው የጽሕፈት መኪና ነበር። አባቴ ለዙህር ሶላት ሲወጣ ክዳኑን አነሣና እስኪመለስ እቀጠቅጠዋለሁ። ኮምፒውተሩንም የተላመድኩት በዚያው መንገድ ነው። መጀመሪያ አበላሸዋለሁ፣ ቀጥሎ ምን እንዳበላሸሁ እፈልጋለሁ፣ ሳገኘው ተማርኩ ማለት ነው።

ሱቄ ምሥራቅ በሚባለው ሰፈር ነበረች። ከአንዲት ልብስ ሰፊ ጋር ግድግዳ እንጋራለን፤ ግድግዳ ይባል እንጂ ችፑድ ነው፣ እኔ የማወራውን እሷ ትሰማለች፣ የእሷን መኪና እኔ እሰማለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው ማመልከቻ ነበር። ታዲያ ሰው የጻፈውን እንዳለ መምታት አልችልም። ፊደሉን አስተካክላለሁ፤ ፊደሉን ሳስተካክል ዐረፍተ ነገሩ አያምረኝም፤ ዐረፍተ ነገሩን ሳቃና ደግሞ የሰውየው ንዴት ከጉዳዩ በላይ ገኖ አገኘዋለሁና እሱንም ለብ አደርግለታለሁ። ይህን ሁሉ ሳልጠይቅ ነው የማደርገው። ሰዎቹ ሳነብላቸው የልባቸውን እንዴት እንዳወቅሁባቸው ይገርማቸዋል፤ እኔም እኮራለሁ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

መብራት በፈረቃ፣ አንድ ቀን እየመጣ አንድ ቀን በሚጠፋበት ጊዜ ስካነር ገዛሁ። በሩ ላይም በትልቁ «ማንኛውንም ጽሑፍ በስካነር እናነባለን» ብዬ ለጠፍኩ። ያቺ «ማንኛውንም» የምትል ቃል ናት ሰውየውን ያመጣችብኝ።

አንድ ጠዋት ገና ወለሉን ጠርጌ ሳልጨርስ መጡ። ካኪ ካፖርት የለበሱ፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ትልቅ ሰው ናቸው። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የሌሊት ጥበቃ እንደሆኑና ከተረኝነት ወጥተው ወደ ቤታቸው ወደ ቱላ ከመሄዳቸው በፊት ጎራ እንዳሉ ነገሩኝ። ማስታወቂያዬን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይሄ ማንኛውንም የሚለው እውነት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ከፌስታል ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሲገልጡት መዳፍ የሚያካክሉ ዘጠኝ የታተሙ ካርዶች ናቸው። መስመር በመስመር የተሰመረባቸው፣ መስመሩ ላይ ጭራ ያላቸው ጥቁር ነጥቦች የተቀመጡባቸው። ኖታ ነው አሉኝ፤ የማርሽ ባንድ ኖታ። ሙዚቀኛው እየተራመደ ስለሚጫወት ካርዱ በትንሽ መቆንጠጫ መሣሪያው ላይ ይሰካል፤ ለዚህ ነው እንዲህ ያነሰው። እኔ በዕድሜዬ ኖታ አይቼ አላውቅም ነበር። ይነበባል ወይ ሲሉኝ ግን፣ ይነበባል አልኳቸው።

ታሪካቸውን ቆመው ነው የነገሩኝ፤ ወንበር ስሰጣቸው እንቅልፍ ይወስደኛል ብለው እምቢ አሉ። በቀድሞው ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ሆርን ተጫዋች ነበሩ። ሆርን ማለት እንደ ጥሩንባ ሆኖ የተጠመዘዘ፣ ድምፁ የሚለሰልስ መሣሪያ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን ሁሉም መሸከም የሚችለውን ይዞ ወጣ፤ ብርድ ልብስ ያነሣ አለ፣ ቦት ጫማ ያነሣ አለ። እሳቸው ከዕቃ ግምጃ ቤቱ እነዚህን ካርዶች አነሡ፣ ኪስ ውስጥ ስለሚገቡ። የአገልግሎት ማስረጃቸው እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስድስት ዓመት በር ጠብቀዋል።

አሁን ደግሞ እዚሁ ምሥራቅ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የባንድ መሣሪያዎች አሉት። መሠረቱን ያስተማረው መምህር ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ቀርተዋል። ጋሼ ሰምተው ሄዱ። ርዕሰ መምህሯ ቆፍጣና ሴት ናት፤ ማስረጃ ጠየቀቻቸው፣ የላቸውም። እንግዲያው ወረቀቱ ከሌለ ሥራውን አሳዩኝ አለቻቸው። የወላጆች ቀን አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ልጆቹ ያን ቀን አንድ ማርሽ አስተካክለው ከተጫወቱ ጋሼ ይቀጠራሉ፤ ካልተጫወቱ አይቀጠሩም።

ካርዶቹን እንዳሉ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ሞክረዋል። የስንት ሰው ላብና ዝናብ የጠጣ ካርድ ነውና ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሙሉውን አንድ ላይ የያዘው ትልቁ ወረቀት ደግሞ በባንዱ መሪ እጅ ቀርቷል። እሳቸው ካርዶቹ ተገልብጠው በትልቁ እንዲጻፉ፣ ከዚያም ዘጠኙ አንድ ላይ ተሰፍተው እንዲሰሙ ይፈልጋሉ።

«በር ስከፍት በር ስዘጋ መሞት አልፈልግም ልጄ» አሉኝ። ይህን ብቻ ነው ጮክ ብለው የተናገሩት።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን እኔ ጋ ያስመታ ነበር፤ ክራር የሚነካ ልጅ ነው። ችግሬን ሳወራው ስካን የተደረገ ኖታ አንብቦ የሚያሰማ ፕሮግራም በሲዲ አመጣልኝ። ሁሉ ነገሩ በእንግሊዝኛ ነው። መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ያላወቅሁትን እየተጫንኩ አንድ ሳምንት አለፈ። መብራት በሌለበት ቀን ደግሞ በእስክሪብቶ መስመር እየሠራሁ ነጥቦቹን እገለብጣለሁ፤ ስማቸውን ባላውቅ መልካቸውን ልልመድ ብዬ።

መጀመሪያ ስካነሩ ላይ የተኛው የራሳቸው የጋሼ ካርድ ነው። ማሽኑ አጥብቆ አነበበ፤ እንዲያውም አበዛው። ዝንብ የረገጠውን ሁሉ ኖታ አደረገው። የካርዱን ጥግ ነክሶ የነበረ የዛገ ክሊፕ ምልክት ደግሞ ምን እንደመሰለው አላውቅም፣ አሥራ ሁለት ኖታ በአንድ ጊዜ ደረደረበት። ካርዱን ዓይኔ ሥር ይዤ አንድ በአንድ ለቀምኩ። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ሲመጡ አጫወትኩላቸው።

ፀጥታ። ፓ። ፀጥታ። ፓ። ፀጥታ። ፓ፣ ፓ።

ዜማ የሚባል ነገር የለውም። ግማሹን ዘሎታል ብዬ ደነገጥኩ፤ ይቅርታ ጠይቄ ደግሜ ስካን አደረግሁ። ያው ፓ፣ ፓ ነው። ሦስተኛ ልሞክር ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«ተዪው፤ ልክ ነው» አሉ። «ይሄ እኔ ነኝ።»

ከዚያ አስረዱኝ። ማርሽ «ዱም ፓ፣ ዱም ፓ» እያለ ነው የሚሄደው። «ዱም» የሚለው ትልቁ ባስ ነው፤ እግር የሚረግጠው በእሱ ነው። ዜማው የክላርኔትና የትራምፔት ነው። ሆርን በሁለት እርግጫ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል፣ ሥራው ይኸው ነው። ሌሎቹ ሲቆጥሩ እንዳያሳስቷቸው ብለው እሳቸው በልባቸው የሚቆጥሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ በሲዳሙ አፎ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ፓ ብቻ ማለት አይሰለችም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ክፍተቱ ካልተሞላ ሰልፈኛው ይደነቃቀፋል ብለው በኩራት መለሱልኝ። ከችፑዱ ወዲያ ጎረቤቴ «ጋሼ፣ የእኔም ባል ቤት ውስጥ ሥራው እሱ ነው» አለች። ጋሼ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ስምንቱን ካርዶች በሚቀጥለው ሳምንት ጨረስኩ። ሁለት ክላርኔት፣ ሦስት ትራምፔት፣ ሁለት ትሮምቦን፣ አንድ ባስ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲሰማ ደህና ነው፣ አንዳንዱማ ያምራል። ዘጠኙን አንድ ላይ የሰፋሁ ቀን ጋሼን ወንበር አስገድጄ አስቀመጥኳቸውና ተጫንኩት።

ምን እንደሚመስል እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ዓሣ አጥማጆቹ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲጥሉ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰብስበው እንደሚሻሙት ያለ ነው፣ የእነሱ እንኳ ይሻላል። ጎረቤቴ መኪናዋን አቁማ «ዛሬ ደግሞ ምን እያረድሽ ነው?» አለችኝ። አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ ኖታውን ከካርዱ ጋር ሦስት ጊዜ አመሳከርኩ፣ አንድም ስሕተት የለም። ለያይቼ ሳዳምጥ ሦስት ጎራ ናቸው። ክላርኔቶቹና ትራምፔቶቹ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፣ ትሮምቦኖቹና ባሱ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፣ ሆርኑ ብቻውን ነው። ሦስቱ ጎራዎች ግን አንድ ላይ አይቆሙም። ጋሼ በየጠዋቱ እየመጡ ያዳምጣሉ። በአራተኛው ቀን ካርዶቹን ወደ ጋዜጣው መመለስ ጀመሩ።

«ምናልባት ያኔም እንዲሁ ነበርን» አሉ። «አሥራ ስድስት ዓመት በር ላይ ቆሜ ሳስበው እኔ ነኝ ያሳመርኩት።»

ይህን ብለው ወጡ። ካርዶቹን ግን አልወሰዱም፤ ወይ ረስተዋቸው ነው ወይ ተስፋ ቆርጠው። እኔ ከጀርባቸው ካፖርቱን እያየሁ ቀረሁ። አንዳንድ ማመልከቻ አለ፣ ሰውየው የሚናገረውን ራሱ ሳያምንበት ይዞት የሚመጣ። እንደዚያ ያለውን አልወድም፤ እጄ ዝም አይልም።

ፕሮግራሙ ኖታውን በሙሉ መርጠው የላይ ቀስቷን ሲጫኑ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከፍ፣ የታቹን ሲጫኑ ዝቅ ያደርገዋል። የጋሼን ሆርን አልነካሁም። እንዴት እነካዋለሁ፣ «ይሄ እኔ ነኝ» ብለውኝ። ሌሎቹን ወደ እሳቸው አመጣኋቸው። ክላርኔቱንና ትራምፔቱን አንድ ደረጃ በአንድ ደረጃ እየገፋሁ ከሆርኑ ጋር የሚስማሙበት ቦታ ላይ አቆምኩ፤ ትሮምቦኑንና ባሱን እንዲሁ። እዚህም እዚያም የሚቆረቁረውን በጆሮዬ እየፈለግሁ አለዘብኩ። ስጨርስ ተጫንኩት። ማርሽ ሆነ፤ እግር የሚያነሣ ማርሽ። ጎረቤቴ የስፌት መኪናዋን መርገጫ በማርሹ ልክ ስትረግጥ ይሰማኛል።

ጋሼ በማግስቱ ሲሰሙት ከወንበሩ ተነሡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እስኪያልቅ ቆመው አዳመጡ። ምን እንዳደረግሁ አልነገርኳቸውም። ትንሽ አስተካከልኩት ብቻ ነው ያልኩት። በትልቁ አትሜ፣ እያንዳንዱን በመሣሪያው ስም ለይቼ፣ በክላሴር አድርጌ ከካርዶቹ ጋር ሰጠኋቸው። ያን ሳምንት እኔን ላየ ሰው ማርሹን የደረስኩት እኔ ነበር የምመስለው።

ተመልሰው የመጡት በሳምንቱ፣ በእሳቸው ሰዓት ሳይሆን በምሳ ሰዓት ነው። ገና ሲገቡ ደህና እንዳልሆነ ገባኝ። የሆነውን በዝግታ ነገሩኝ። ልጆቹ ወረቀቱን ወደዱት፤ ትልቅ ነው፣ ይነበባል። ለየብቻ ተለማመዱ። ትናንት ሁሉንም ግቢ ውስጥ ደርድረው አንድ ላይ አስጀመሩ፣ ያው የአባ ኮዳው ጩኸት። ከየክፍሉ ተማሪ በመስኮት ብቅ እያለ ሳቀ። ርዕሰ መምህሯ ከቢሮዋ ወጥታ በረንዳው ላይ ቆማ አዳመጠች። ገብታ መስኮቷን ዘጋች።

ልጆቹን አሰናብተው ጥቂቶቹ ብቻ ሲቀሩ አንድ ነገር ሞከሩ። አንድ ትሮምቦን የያዘ ልጅ ጠርተው አሮጌውን የትሮምቦን ካርድ ሰጡት። እሳቸው ሆርኑን አንሥተው የራሳቸውን ካርድ ያዙ። ልጁ ሲነፋ እሳቸው በየክፍተቱ ፓ አሉ። ተስማማ። ክላርኔት የያዘችውን ጠሩ፣ ከአሮጌው ካርድ ተጫወተች። እሷም ተስማማች።

«ካርዱ ልክ ነው» አሉኝ። «የተሳሳተው ወረቀቱ ነው። ማሽኑ ምን ሆኖ ነው?»

ማሽኑ ቢባል ያልቅ ነበር። እሳቸው ራሳቸው መንገዱን ከፍተውልኛል፤ ስካነር ይሳሳታል፣ መብራት ይቆራረጣል፣ ማን ያውቅብኛል። ከችፑዱ ወዲያ መኪናዋ ፀጥ አለ፤ ጎረቤቴም እያዳመጠች ነው።

«ማሽኑ አይደለም ጋሼ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ። አልስማማ ሲሉ ሁሉንም በእርስዎ ልክ አስተካከልኳቸው።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ልጄ» አሉኝ፤ «እኔ በዕድሜዬ ሰው ሁሉ በእኔ ልክ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። እዚያ ጋ መጠርጠር ነበረብኝ።»

ከዚያ ተቀመጡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ፈቃድ። ትናንት ሆርኑን ሲነፉ የባንዱ መሪ ድሮ ይሉት የነበረው ትዝ እንዳላቸው ነገሩኝ። የየመሣሪያው «ዶ» የተለያየ ነው፤ ወረቀት ላይ አንድ ቦታ የተጻፈ ኖታ በክላርኔት የሚሰጠው ድምፅና በሆርን የሚሰጠው ድምፅ አንድ አይደለም። ኖታውን የጻፈው ሰው ያንን አስቦ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ጽፎለታል። እሳቸው የራሳቸውን ብቻ ስለሚያነቡ አስፈልጓቸው አያውቅም፣ ረሱት። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያውም አላውቅም።

ፕሮግራሙን ከፈትኩ። እንግዲያው ማሽኑም ማን በየትኛው መሣሪያ እንደሚጫወት ሊነገረው ይገባል ብዬ ፈለግሁ። ለካ መጀመሪያውኑ ጠይቆኝ ነበር። የመሣሪያ ስም የተዘረዘረበት ረጅም ማውጫ አለው፤ እኔ ከዚያ ሁሉ የማውቀው ፒያኖን ብቻ ስለነበር ዘጠኙንም ፒያኖ ብዬ አልፌዋለሁ። በየካርዱ ጥግ የመሣሪያው ስም ታትሟል፣ በእጄ መትቼዋለሁ፤ ግን እንደ ርዕስ ነው የመታሁት። የተጻፈውን ጽፌ የተባለውን አልሰማሁም።

የገፋሁትን ሁሉ ትቼ፣ ከካርዱ እንደተነበበ የተቀመጠውን አወጣሁ። ለእያንዳንዱ መሣሪያውን መረጥኩለት። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ስጫነው ያው ማርሽ ወጣ፤ የእኔውን የሚመስል፣ ግን እንደሱ ያልተሸራረፈ። እኔ ያለዘብኳቸው ቦታዎች ላይ ለካ ሆን ተብሎ ጠንከር ያለ ድምፅ ነበረ። ማርሹ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ጋሼ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። መብራቱ የእኛ ተራ ነበር፤ ሳይመሽ ሁሉንም አተምኩ። የወላጆች ቀን ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር።

በዕለቱ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ፤ ጎረቤቴም አብራኝ። ከወላጆቹ መካከል ቆምን። ሙሉውን ማርሽ አልደረሱበትም፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ሁለት ጊዜ ለመጫወት ተስማምተዋል። ከበሮ መቺው ልጅ ቸኩሎ ትንሽ አሯሯጣቸው። አንዱ ክላርኔት ሁለተኛው ዙር ላይ ጠፍቶ መጨረሻ ላይ ተመለሰ። ሆርኑን የያዘችው አንዲት ረጅም ልጅ ናት፤ ዜማ የለውም ብላ ስታለቅስ ሰንብታ ነበር አሉ ጋሼ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የምፈልገው የእሷን ነበር። ፓ። ፓ። ፓ፣ ፓ። አንድም ቦታ አልጣለችም።

ጋሼ ፊት ለፊታቸው ቆመው በእጃቸው ይመራሉ። አንድ ነገር አየሁ፤ ከእኔ በቀር ማንም ያየው አይመስለኝም። መሪ እጁን የሚያወርደው እግር በሚረገጥበት ላይ ነው። የእሳቸው እጅ የሚወርደው በክፍተቱ ላይ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት እዚያ ነው፤ ሲመሩም ከዚያ መውጣት አልቻሉም። ልጆቹ ግን ሌላ መሪ አያውቁም፤ በዚያው ለምደውት ቀጥ ብለው ሄዱ።

ሲያልቅ ተጨበጨበ። ርዕሰ መምህሯ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ ጋሼ ስትመጣ የጎረቤቴን ክንድ መጨበጤን ያወቅሁት በኋላ ነው። ካኪ ካፖርታቸውን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ሌላ ልብስ አልነበራቸውም።

«ሰኞ በሁለት ሰዓት ይግቡ» አለቻቸው። «ካፖርቱን ግን ሆቴሉ በር ላይ ይተዉልኝ።»

ጎረቤቴ እዚያው ቆማ ትከሻቸውን በዓይኗ ትለካ ነበር። እሑድ ማታ ኮት ደርሶላቸዋል።

እኔ ጋ የተረፈው የተሳሳተው ማርሽ ነው። ጋሼ ለልጆቹ አዲሱን ሲያድሉ የተሳሳተውን ሰብስበው መልሰውልኝ ነበር፤ ደህና ወረቀት ነው፣ አልጣልኩትም። ለባለቤቱ የማሳየውን የማመልከቻ ረቂቅ በጀርባው እያተምኩ ጨረስኩት። ከዚያ በኋላ ንዴታቸውን ለብ ከማድረጌ በፊት መጠየቅ ስለጀመርኩ ረቂቁ በዝቶ ነበር፤ ይገርማችኋል፣ አብዛኛው ሰው ንዴቱ እንዳለ እንዲቀር ነው የሚፈልገው። ስለዚህ በዚያ ዓመት ምሥራቅ አካባቢ ማመልከቻ ያስመታ ሰው ረቂቁን ካስቀመጠ ይገልብጠው። የክላርኔት፣ የትራምፔት ወይም የባስ ገጽ ያገኛል። የሆርኑን ግን አያገኝም። እሱ ከመጀመሪያውም ልክ ስለነበር ረጅሟ ልጅ ጋ ቀርቷል።